ብዙ ያልተሰሙ ኮንቼርቶዎችን ባሕር ዳር ላይ በአምስት ሰው ማቅረብ

ኮንቼርቶ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ስልሳና ሰባ ተጫዋች የሞላው መድረክ ነው። ባሕር ዳር ላይ በአንድ ቀን በአንድ ክፍል መሰብሰብ የሚቻለው ግን ሲሳካ ሦስት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎና አንድ ኪቦርድ ነው። በዚህ አቅም የቻይኮቭስኪን ወይም የብራምስን ኮንቼርቶ መነካካት ልፋት ብቻ ነው፤ ቀንድና ከበሮ የሌለው ብራምስ ቅመም ያልገባበት ወጥ ይሆናል። ደግነቱ፣ ብዙም ከማይሰሙት ኮንቼርቶዎች ውስጥ ከመጀመሪያውም በአራትና በአምስት ሰው እንዲሠሩ የተጻፉ አሉ። መመሪያው ስለ እነዚህ ነው።

ከመምረጥ በፊት አንድ ነገር ይያዝ። ኮንቼርቶ እንደኛ ዘፈን በአውጪና በተቀባይ የሚሄድ ሙዚቃ ነው። አውጪው ሶሎ የሚጫወተው ሰው ነው፣ ተቀባዩ ደግሞ አጃቢው ጓድ። ልዩነቱ፣ በቀደሙት ኮንቼርቶዎች ቀድሞ የሚገባው ተቀባዩ መሆኑ ነው። አዝማቹን ተቀባዩ ይዘረጋል፣ አውጪው ያንን ተቀብሎ ይፈታታዋል፣ ተቀባዩ እየተመላለሰ አዝማቹን ያስታውሳል። ጣሊያኖች ይህን ተመላላሽ አዝማች ሪቶርኔሎ ይሉታል። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚሳካውም የሚበላሸውም በተቀባዩ ነው። ጎበዝ ሶሎ ተጫዋች ይዞ ተቀባዩን በመጨረሻው ሳምንት ማሰባሰብ የተለመደው ስሕተት ነው።

የትኛውን እንምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ የቴሌማንን የቪዮላ ኮንቼርቶ በሶል ሜጀር ያዙ። በ1716 እና በ1721 መካከል (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የተጻፈ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ለቪዮላ ከተጻፉት ኮንቼርቶዎች መካከል ከሚታወቁት ቀዳሚው ነው። አራት ክፍል አለው፦ ዝግተኛ፣ ፈጣን፣ ዝግተኛ፣ ፈጣን። ሁሉም ተደምሮ 14 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። አጃቢው የክር መሣሪያ ብቻ ነው፤ ኪቦርዱ ከቼሎው ጋር ኮርድ ይሞላል። ለተማሪ ጣት የማይከብድ፣ ለአድማጭ ደግሞ ቶሎ የሚገባ ነው።

ፒያኖ የሚጫወት ካለ የሞዛርት የፒያኖ ኮንቼርቶ ኬ 414 (ኬ የሞዛርት ሥራዎች መዝገብ ቁጥር ነው) በላ ሜጀር አለ። ሞዛርት ይህንንና ሁለት ጓደኞቹን፣ ኬ 413ን እና ኬ 415ን፣ ቪየና ላይ በ1782 እና በ1783 ሲጽፍ ኦቦና ቀንድ ጨምሮባቸዋል፤ ኖታውን ለመሸጥ በጥር 1783 ባወጣው ማስታወቂያ ግን ያለ ነፋስ መሣሪያ፣ በሁለት ቫዮሊን፣ በቪዮላና በቼሎ ብቻ መሠራት እንደሚችሉ ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ በአራት ሰው ብታጅቡት የቆረጣችሁት ነገር የለም። 25 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የሞዛርት የራሱ ካዴንዛዎችም፣ ማለት ሶሎው አጃቢው ዝም ሲል ብቻውን የሚሄድባቸው ቦታዎች፣ ተርፈውለታል። ሁለተኛውን ክፍል ስትጀምሩ ሐዘን ቢሰማችሁ አይግረማችሁ፤ ዜማው በ1782 መግቢያ ላይ ከሞተው ከዮሐን ክርስቲያን ባኽ የተወሰደ ነው።

ሁለት ሰው ብቻ ካላችሁ የክላራ ሹማን የፒያኖ ኮንቼርቶ፣ ኦፐስ 7፣ መካከለኛ ክፍል አለ። ክላራ ሙሉውን በኅዳር 1835 ላይፕዚሽ ላይ ስትጫወተው የ16 ዓመት ልጅ ነበረች፤ መሪው ሜንደልሶን ነበር። መካከለኛው ክፍል ላይ ኦርኬስትራው ዝም ይላል፤ ፒያኖው ብቻውን ይጀምራል፣ ቆይቶ አንድ ቼሎ ይቀላቀለዋል። ወደ ሦስተኛው ክፍል የሚያሻግር የከበሮ ድምፅ መጨረሻው አካባቢ ስላለ፣ ለብቻው ስትጫወቱት ያንን ትታችሁ ኮርዱ ላይ ዕረፉ።

ጠንካራ ቫዮሊን ተጫዋች ያለው ጓድ የሻቫሊዬ ደ ሳን ዦርዥን ኮንቼርቶዎች ይመልከት። በ1745 ጓድሎፕ ደሴት ላይ በባርነት ከነበረች የአፍሪካ ዘር እናት ተወልዶ ፓሪስ ላይ ከከተማዋ ታላላቅ ኦርኬስትራዎች አንዱን የመራ፣ በጎራዴ ፍልሚያም ስሙ የገነነ ሰው ነው። ኦፐስ 5 ቁጥር 2፣ ላ ሜጀር፣ ጥሩ መነሻ ነው። ማስጠንቀቂያ ግን አለው፦ ሳን ዦርዥ ቫዮሊኑን ከላይ ጫፍ ድረስ ይወጣበታል፣ ክር ማቋረጡም ፈጣን ነው። ሰባተኛ ፖዚሽን ላይ (እጁ በቫዮሊኑ አንገት ወደ ላይ ርቆ ሲወጣ) ያልተደላደለ ተጫዋች መካከለኛውን ዝግተኛ ክፍል ብቻ ቢያቀርብ ይከበርበታል።

ሳክስፎን እኛ አገር የሞተ መሣሪያ ስላልሆነ የግላዙኖቭን የአልቶ ሳክስፎን ኮንቼርቶም (1934) የሚመኝ አይጠፋም። አጃቢው ክር ብቻ ነው፣ 14 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ሆኖም የክሩ ጽሑፍ ወፍራም ነው፤ በአምስት ሰው ብትደፍሩት ሳክስፎኑ ይውጣችኋል። በፒያኖ አጃቢነት መሥራት ይሻላል። የሳክስፎኑ ኖታ ከመጀመሪያው ተዛውሮ የተጻፈ ስለሆነ ኪቦርዱ ላይ ትራንስፖዝ (ድምፁን በሙሉ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን) እንዳትነኩ።

ኖታው

የቴሌማን፣ የሞዛርት፣ የሳን ዦርዥና የክላራ ሹማን ሥራዎች የቅጂ መብት ዘመናቸው ያለፈ ስለሆነ የድሮ እትሞቻቸውን አይኤምኤስኤልፒ (IMSLP) ከሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ማውረድ ይቻላል። ለ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ግን መብቱ ማለፉን አጣሩ፤ ካላለፈ አሳታሚውን መጠየቅ ግድ ነው።

ስታወርዱ ሙሉውን ስኮር (የሁሉም መሣሪያ ኖታ አንድ ላይ ያለበትን) ብቻ ሳይሆን የየመሣሪያውን ኖታ ለየብቻ ፈልጉ። በኤ4 ላይ ስታትሙ ማርጂኑን አጥብባችሁ ኖታውን እስከቻለ አስፉት። በተቻለ መጠን ሦስት ገጽ ጎን ለጎን በፕላስተር አያይዙና ካርቶን ላይ ለጥፉ፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ሰው ብቻ ባለበት ጓድ ውስጥ ገጽ የሚገለብጥ ሰው በዚያች ቅጽበት ከሙዚቃው ይጠፋል፣ የሚሞላለትም ጓደኛ የለውም። በየመስመሩ መጀመሪያ የባር ቁጥር ጻፉ። ይህን ያላደረገ ጓድ የልምምዱን ሩብ «ከየት እንጀምር» እያለ ይጨርሳል።

ቴሌማን ላይ የሚያጋጥም አንድ ችግር አለ። ሶሎው ቪዮላ ነው፣ አጃቢውም ውስጥ ሌላ ቪዮላ አለ፤ ሁለተኛ ቪዮላ ግን አይገኝም። መፍትሔው ሦስተኛ ቫዮሊን ነው። የቪዮላውን ኖታ ወደ ቫዮሊን ቁልፍ (ትሬብል ክሌፍ) ገልብጣችሁ ጻፉ። የቫዮሊን የታችኛው ክር ሶል ነው፤ ቪዮላ ግን እስከ ዶ ይወርዳል። ከሶል በታች ያሉትን ኖታዎች ሁሉ በደፈናው አንድ ኦክታቭ ማንሳት የሚቀልል ይመስላል፣ ነገር ግን የተነሣው ድምፅ ከሁለተኛው ቫዮሊን በላይ ይወጣና መካከለኛው ድምፅ ዜማ መስሎ ይሰማል። እንዲህ የሆነበት ቦታ ላይ ከኮርዱ ውስጥ ሌላ ዝቅ ያለ ኖታ ስጡትና የጎደለውን ለኪቦርዱ ቀኝ እጅ አስረክቡ።

አልፎ አልፎ «ቪዮላው ከጠፋ በማሲንቆ እንተካው» የሚል ሐሳብ ይነሣል። ማሲንቆ በአንድ ክር ተአምር ይሠራል፤ የቴሌማን መካከለኛ ድምፅ ግን ከአራት ባር ወዲያ ክር ከክር የሚዘል ስለሆነ መሣሪያውንም ሙዚቃውንም ማዋረድ ነው።

ኪቦርዱ

ሞዛርት የጻፈለት ፒያኖ አምስት ኦክታቭ፣ 61 ቁልፍ ነበረው። የእኛ ተራ ኪቦርድም 61 ቁልፍ ነው፤ ይህን ያየ ሰው ልክክ ይላል ብሎ ያስባል። አይልም። የሞዛርት ፒያኖ ከፋ ይነሣል፣ የአሁኑ ኪቦርድ ከዶ። ታች ሰባት ቁልፍ ይጎድላችኋል፣ ላይ ደግሞ የማትፈልጓቸው ሰባት ይተርፋሉ። 76 ቁልፍ ያለው ይበቃል፤ ለክላራ ሹማን ግን 88 ቁልፍ ያለው፣ ቁልፉ ክብደት ያለውና ፔዳል የተገጠመለት ይፈለጋል።

ሠርግ ሲሠራበት የከረመ ኪቦርድ ከተዋሳችሁ፣ ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ሦስት ነገር ፈትሹ። ትራንስፖዝ ዜሮ ላይ ይሁን። ቅኝቱ ላ 440 ላይ ይሁን። ለአንቺሆዬ ወይም ለሌላ ቅኝት ተብሎ የተወሰኑ ቁልፎች ዝቅ ከፍ ተደርገው ከሆነ ወደ ነበሩበት ይመለሱ። ሦስተኛውን ማንም አያስታውሰውም፤ ቫዮሊኖቹ አንድ ሰዓት ሙሉ ጣታቸውን ሲወቅሱ ጥፋተኛው ኪቦርዱ ሆኖ ይገኛል።

አየሩና እንጨቱ

ጣና ዳር ዓመቱ ለሁለት ይከፈላል፤ እንጨትም እንዲሁ። በክረምት እርጥበቱ እንጨቱን ያሳብጠውና መቃኛዎቹ ይነክሳሉ፤ በበጋ ደግሞ ይደርቁና ሌሊቱን ይፈታሉ፣ ጠዋት ሳጥኑን ስትከፍቱ አራቱም ክር ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ለሚነክሰው መቃኛ ደረቅ ሳሙና፣ ለሚፈታው ጠመኔ፤ መቃኛውን አውጥታችሁ ከእንጨቱ ጋር የሚነካካበት ቦታ ላይ ብቻ ቀቡ። አራቱንም ክር በአንድ ጊዜ እንዳትፈቱ፤ ክሩን የሚሸከመው ብርኩማ ይወድቃል፣ ውስጥ ያለችው የድምፅ እንጨትም ልትወድቅ ትችላለች፣ እሷን መልሶ ማቆም ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው።

ለመሣሪያ የሚስማማው እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። በበጋ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ የሳሙና ማስቀመጫ በጋለ ሚስማር ስምንት አሥር ቦታ ብሱና ውስጡ እርጥብ ስፖንጅ አድርጉ፤ ስፖንጁ እስከማይንጠባጠብ ተጨምቆ ሳጥኑ ውስጥ ከቫዮሊኑ አንገት ጎን ይቀመጥ። በየሁለት ሦስት ቀኑ ይርጠብ። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ በጀልባ የምትሄዱ ከሆነ ሳጥኑን በሁለት ፕላስቲክ ጠቅልሉት፣ ጥላ ውስጥም አስቀምጡት፤ ቫዮሊን የተጣበቀበት ሙጫ በፀሐይ ይለሰልሳልና ከውሃው ይልቅ የጀልባው ጣራ ላይ ያለው ሙቀት ይፈራል።

ትንኝም አለ። የትንኝ መከላከያ ቅባቶች ውስጥ ያለው ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር የቫዮሊንን ቫርኒሽ ያሟሟል፣ ፕላስቲክንም ይበላል። እግርና ቁርጭምጭሚት ላይ ብቻ ተቀቡ፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ አንገትና አገጭ ላይ አይሆንም።

ሙቀቱ ሲለወጥ ክርና ነፋስ መሣሪያ በተቃራኒ ይሄዳሉ። ሲቀዘቅዝ ክሩ ይከርራል፣ ሳክስፎኑ ይወርዳል። ለነፋስ መሣሪያ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የግማሽ ድምፅ 3 በመቶ ያህል ነው፤ ከቀትር ሙቀት እስከ ምሽት 8 ዲግሪ ቢወርድ የግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል ልዩነት ይመጣል፤ ያ ደግሞ የማንም ጆሮ የሚሰማው ነው። ኪቦርዱ ንቅንቅ ስለማይል በየሥራው መካከል ከእሱ ላ ውሰዱ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከቆላ ወይም ከባሕር ዳርቻ አገር የሚመጣ ሳክስፎን ተጫዋች ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ሪዱም (አፉ ላይ የሚንቀጠቀጠው ቀጭን ሸምበቆ) ይደርቅበታል፤ በግማሽ ቁጥር የለሰለሰ ሪድ ይዞ ይምጣ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ግን ከከፍታ ወርዶ ስለሚመጣ አይቸገርም።

ልምምዱ

ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል። ከዚህ በታች ለሞዛርት አይበቃም፤ ለቴሌማን ብቻ ከሆነ አምስት ሳምንት ይበቃል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሶሎ ተጫዋቹ አይምጣ። ተቀባዩ ያለ እሱ አዝማቹን በቃሉ እስኪይዝ ድረስ ይጫወት። ሶሎው ካለ ሁሉም ዓይኑን እሱ ላይ ይተክልና እርስ በርስ መደማመጥ ይቀራል።

እዚህ አገር ባደገ ጆሮ ላይ ልዩ ሥራ ያለው አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ ነው። ሜጀር ትዝታ እነዚህን ሁለቱን ይዘላቸዋል፤ የለመደው ጆሮ ሲደርስባቸው ያመነታል። በኬ 414 ላይ እነሱ ሬ እና ሶል ሻርፕ ናቸው። ሶል ሻርፕ በቫዮሊን ሬ ክር ላይ ሦስተኛ ጣት ከፍ ብሎ፣ በሚ ክር ላይ ሁለተኛ ጣት ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ጣቱ ትንሽ ይቀራል። በየልምምዱ መጀመሪያ ቼሎው ላን ረጅም አድርጎ ይያዝ፣ ሌላው በላዩ የላ ሜጀርን ስኬል በዝግታ እየዘመረ ይውጣ፣ ከዚያ በመሣሪያ። ሰባተኛው ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ፤ ወደ ላይኛው ላ እየሳበ ካልተሰማችሁ ዝቅ ብሏል። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

የቴሌማን ሁለተኛ ክፍል የሚከፈተው ምቱን በሚሻገር አመታት ነው። ሲፈጥን ሁሉም ወደ ምቱ ይንሸራተታል፣ ያቺ መሻገር ትጠፋለች፣ ሙዚቃውም የሰልፍ ማርሽ ይሆናል። መሣሪያውን አስቀምጡ። ግማሹ ሰው ምቱን በእግሩ ይምታ፣ ግማሹ የአዝማቹን አመታት ያጨብጭብ፣ ከዚያ ተቀያየሩ። ሜትሮኖሙን 66 ላይ ጀምሩ፤ በየልምምዱ አራት አራት እየጨመራችሁ እስከ 96 ገደማ ውጡ። ከዚያ በላይ ማፍጠን ይቻላል፣ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሶሎው ይግባ። አጃቢው የደጋኑን ሲሶ ብቻ ይጠቀም፤ «ቀስ በሉ» ከማለት ይህ ይሠራል። በተለይ ቪዮላ ሶሎ ሲሆን ድምፁ ከቫዮሊኖቹ ጋር አንድ ቦታ ላይ ስለሚወድቅ በቀላሉ ይሸፈናል። ፈተናው እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ክፍሉ መጨረሻ ወንበር ላይ ይቀመጥና የሶሎውን ዜማ አብሮ ያንጎራጉር። ዜማው የጠፋበትን ባር ቁጥር ይጻፍ። እዚያ ቦታ ላይ ማን እንደጮኸ መፈለግ ቀላል ነው።

ጓዱ የሚፈርሰው በአብዛኛው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሶሎው ሲያበቃ ተቀባዩ የሚመለስበት ባር። አሥራ ሁለት ባር ዕረፍት ሲቆጥር የነበረ ሰው በአሥራ አንድ ይገባል። ስለዚህ በእያንዳንዱ አጃቢ ኖታ ላይ የሶሎውን የመጨረሻ ሁለት ባር በትንሹ በእርሳስ ጻፉ። ቆጠራውን ትተው ያንን ይስሙ።

ካዴንዛውም እንደዚሁ ነው። ኬ 414 ላይ አጃቢው በላ ሜጀር ኮርድ፣ ከታች ሚ ይዞ ይቆማል፤ ያልተቋጨ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ፒያኖው ያለ ምት ብቻውን ይሄዳል፣ ቀረርቶ እንደሚያወርድ ሰው። መመለሻ ምልክቱ ሲ ላይ የሚመጣው ረጅም ትሪል (ሁለት ጎረቤት ድምፆች በፍጥነት ሲፈራረቁ) ነው። ትሪሉ እንደተሰማ መሣሪያ ይነሣል፤ የመጀመሪያው ቫዮሊን ግን ትሪሉን ሳይሆን የፒያኒስቱን ጭንቅላት ይይ። ትሪሉ ምን ያህል እንደሚረዝም በየቀኑ ይለያያልና። ይህን መመለሻ ብቻውን ቢያንስ ሃያ ጊዜ ድገሙት።

መሪ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ቫዮሊን በሚገባበት ምት ልክ ትንፋሽ ይሳብ፤ ትንፋሹ ከዘገየ ሙዚቃው ይዘገያል፣ ከፈጠነ ይፈጥናል።

ቦታውና ሰዓቱ

አዳራሽ ካገኛችሁ አዳራሽ ይሻላል። ሐይቁ ዳር አትክልት ቦታ ላይ ከሆነ መድረኩ ጀርባውን ለሐይቁ ይስጥ። ቀን ቀን ነፋሱ ከውሃው ወደ የብስ ስለሚነፍስ ኖታውን ማቆሚያው ላይ ይጫነዋል፣ ድምፁንም ወደ አድማጩ ይወስደዋል። በተቃራኒው ያስቀመጠ ሰው ኖታውን ከሣር ላይ ይለቅማል። ያም ሆኖ ለእያንዳንዱ ማቆሚያ አራት የልብስ መቆንጠጫ ያዙ፣ እግሩ ላይም አሸዋ የሞላ ፌስታል እሰሩ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ጀምሩ። ቴሌማን፣ የክላራ ሹማን መካከለኛ ክፍልና ኬ 414 ከማብራሪያ ጋር አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳሉ፤ ሳይጨልም ታበቃላችሁ። ሲጨልም መብራቱ የሐይቁን ነፍሳት ይጠራል፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ኪቦርዱ አብሮ ይጠፋል። የኪቦርዱ ስፒከር ከተጫዋቹ ጀርባ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ይሁን፤ አጃቢዎቹ የሚሰሙት ከዚያ ነው። ድምፅ ማጉላት ግድ ከሆነ ከጓዱ ፊት ሁለት ማይክ ብቻ። ለሳውንድ ሲስተም ባለሙያው ኤኮ እንዳይጨምር ቀድማችሁ ንገሩት፣ ከዚያም በመካከል አንዴ ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ ሳይጨምር አይሆንለትም።

አድማጩን ማስገባት

ስለ አቀናባሪው ሕይወት ረጅም ንግግር አታድርጉ። በምትኩ ቴሌማን ከመጀመሩ በፊት ተቀባዩ የሁለተኛውን ክፍል አዝማች የመጀመሪያ ባሮች ብቻውን ሁለት ጊዜ ይጫወት። አድማጩ ያንጎራጉረው። ከዚያ «ስንት ጊዜ እንደሚመለስ ቁጠሩ፤ ከፍ ባለ ወይም ዝቅ ባለ ድምፅ ቢመጣም ይቆጠራል» በሉ። ሰው ሥራ ከተሰጠው ያዳምጣል። ለካዴንዛውም፣ «ሁሉም ዝም ሲል አልጨረስንም፣ ትሪሉን ጠብቁ» ማለት ይበቃል።

በክፍሎች መካከል ቢጨበጨብስ? ይጨብጨብ። በሞዛርት ዘመን አድማጭ በየክፍሉ ያጨበጭብ ነበር፣ እልልታም ቢጨመር አይጎዳም። ከክላራ ሹማን በፊት ብቻ ዝምታ ጠይቁ፤ ፒያኖው በጣም በለሆሳስ ነው የሚጀምረው።

ብቻውን በስልክ የሚያዳምጥ ሰው አንዱን ክፍል ሦስት ጊዜ ይስማ። መጀመሪያ ዝም ብሎ። ሁለተኛ ሶሎውን ትቶ ቼሎውን ብቻ እየተከተለ፤ የኮርዱ መለወጥ ከታች ይሰማል። ሦስተኛ ሌላ ተጫዋች የሠራውን ያንኑ ክፍል። ካዴንዛው ከተለያየ ተጫዋቹ የራሱን አምጥቷል ማለት ነው። ዳታ እንዳይበላ አንዴ አውርዶ ማስቀመጥ ነው።

ዝግጅቱ እንዳለቀ ሰው ሰላምታ ከማድረሱ በፊት ደጋኑን ያላላ፣ ክሩ ላይ የቀረውን የደጋን ሙጫ ዱቄት በደረቅ ጨርቅ ይጥረግ። ኖታዎቹ ላይ የተጻፉት የእርሳስ ምልክቶች አይጥፉ፤ የየመሣሪያው ኖታ በየፖስታው ገብቶ፣ ላዩ ላይ ስንት ገጽ እንደሆነ ተጽፎ፣ ሁሉም በአንድ ሰው እጅ ይቀመጥ።